ከባልደረባ ወደ የቅርብ ኃላፊ፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አሠራር

በባሕር ዳር በሐይቁ ዳር በሚገኙት ሆቴሎች፣ በልብስ ስፌት ሼዶች፣ በሕንፃ ግንባታ ቦታዎችና ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ በሚመላለሱት ጀልባዎች ላይ የቅርብ ኃላፊ የሚሆነው ሰው ከውጭ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኃላፊነቱ የሚሰጠው ትናንት ከሌሎቹ ጋር አንሶላ ሲያጥፍ፣ ኮሌታ ሲሰፋ ወይም ብሎኬት ሲደረድር ለነበረ፣ በሥራው ጎበዝነቱ ለታየለት ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ይጠራውና «ከሰኞ ጀምሮ ፈረቃውን አንተ ትይዛለህ» ይለዋል። ስያሜው እንደየቤቱ ይለያያል፤ በሆቴል ሱፐርቫይዘር፣ በግንባታ ፎርማን ይባላል፤ የቀን ሠራተኛ የሚያሰማራውን ደግሞ ከጣልያንኛ በመጣው ቃል ካቦ የሚሉት እስከ ዛሬ አሉ። ችግሩ ግን በየቦታው ተመሳሳይ ነው። ሰውየው የተሾመው በእጁ ሥራ ስለተመሰገነ ሲሆን ከሰኞ ጀምሮ የሚጠበቅበት ግን በሌሎች እጅ ማሠራት ነው፤ ይህንን ደግሞ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም።

እኔም በአንድ ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል አምስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ በዚሁ መንገድ ተሾምኩ። በመጀመሪያው ወር ከሁሉም ቀድሜ እየገባሁና ከሁሉም በኋላ እየወጣሁ፣ ሌሎቹ ያጓደሉትን በራሴ እጅ እየሞላሁ፣ ሥራዬን በሚገባ የተወጣሁ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ስታመም ግን ማሽኑን በአግባቡ ጭኖ የሚያስነሳ ሰው በፈረቃው ውስጥ አልተገኘም። ከዚህ በታች የተጻፈው ያን ጊዜ ባውቀው ኖሮ የምለው ሲሆን፣ የተዘጋጀውም በተመሳሳይ ሁኔታ ለተሾሙና ለሚሾሙ ሰዎች ነው።

የሥልጣንዎን ወሰን በጽሑፍ ይያዙ

ሥራውን ከመረከብዎ በፊት፣ ካልሆነም በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከሥራ አስኪያጅዎ ጋር ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለው ጥቂት ጉዳዮችን ይጠይቁ። የአንድ ቀን ፈቃድ መስጠት እችላለሁ ወይስ ማስፈቀድ አለብኝ? ትርፍ ሰዓት የሚያዘው ማን ነው? ሠራተኛ ሰክሮ ቢመጣ ወደ ቤቱ መመለስ እችላለሁ? ከስቶር ዕቃ የሚወጣው በማን ፊርማ ነው? እርስዎ በማይኖሩበት ጊዜ ችግር ቢፈጠር የምደውለው ለማን ነው? መልሱን በአንድ ገጽ ጽፈው ያንብቡላቸውና ቢቻል ያስፈርሟቸው። የሥራ መዘርዝር ተሰጥቶዎት ከሆነም ይህን ገጽ ከእርሱ ጋር ያያይዙት፤ በየቤቱ ያየኋቸው የሥራ መዘርዝሮች «በሥሩ ያሉትን ሠራተኞች ይመራል፣ ያስተባብራል፣ ይቆጣጠራል» ከሚል ዐረፍተ ነገር አልፈው የሚናገሩት ነገር ጥቂት ነውና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነጥብ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት «የሥራ መሪ» የሚባለው የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን በሕግ ወይም በአሠሪው ውክልና የተሰጠው ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው በአዋጁ አይሸፈንም። የፈረቃ ኃላፊ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም። ስለሆነም ስያሜው ኃላፊ ቢሆንም በሕግ ፊት እርሱም ሠራተኛ ነው፤ የሥራ ሰዓቱ፣ የዓመት ፈቃዱና የትርፍ ሰዓት ክፍያው እንደማንኛውም ሠራተኛ ይጠበቅለታል። ከሹመት ደብዳቤው ጋር «ከእንግዲህ ትርፍ ሰዓት አይታሰብልህም» የሚል ቃል ከመጣ የሚታየው ስያሜው ሳይሆን በተግባር የተሰጠው ሥልጣን መሆኑን አውቀው ይጠይቁ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚሠሩ የሚያገለግለው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ስለሆነ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የግሉን ዘርፍና በዚህ አዋጅ የሚተዳደሩትን ድርጅቶች ይመለከታሉ።

ይሉኝታ

ስለ ኃላፊነት የሚሰጡ ሥልጠናዎች ስለ ዕቅድና ስለ ሪፖርት ብዙ ይላሉ። እኔ ግን አዲስ ኃላፊ በዚህች ከተማ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው በይሉኝታ ነው እላለሁ። ፈረቃው ውስጥ ካሉት አሥራ ሁለት ሰዎች አንዷ የዕድርዎ አባል ናት፣ አንዱ የማኅበር ወንድምዎ ነው፣ ሌላው ልጅዎን ክርስትና ያነሣ አበልጅዎ ነው፣ አንደኛው ደግሞ ሥራ ሲጀምሩ እጅዎን ይዘው ሙያውን ያስተማሩዎት ትልቅ ሰው ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች «ሥራህ ጎድሏል» ማለት አፍ ይይዛል። ስለዚህ አዲሱ ኃላፊ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል ጉድለቱ ይከማቻል፤ ሲከማች ደግሞ አንድ ቀን በሰው ፊት ይፈነዳል። በይሉኝታ የተጀመረው ነገር በስድብ ያልቃል።

ይህንን የተማርኩት አንድ ወዳጄን በመጉዳት ነው። አብረን የተቀጠርንና አብረን የምንበላ ሰው ነበር። ከተሾምኩ በኋላ አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ እያረፈደ መግባት ጀመረ፤ እኔም በሰዓት ፊርማ ወረቀቱ ላይ ዝም ብዬ አለፍኩለት። ሁለት ወር ያህል ከቆየ በኋላ አንዲት ሠራተኛ አርፍዳ መጥታ ስናገራት «ለሁሉም ነው ወይስ ለእኔ ብቻ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት ጉዳዩ ከእኔ አልፎ ለአስተዳደር ደረሰና ወዳጄ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ከእኔ ግን አንድም ቀን የቃል ምክር አልሰማም ነበር። «ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ አስተካክል ነበር» ብሎኝ ለረጅም ጊዜ ተኮራረፍን። እውነቱን ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም በአንድነት ሰብስበው አጭር ንግግር ያድርጉ። ረጅም መሆን የለበትም። «ትናንት አብረን ስንሠራ ነበር፤ ነገም አብረን እንሠራለን። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሰዓት የምመዘግበው፣ ሥራ የማከፋፍለውና የተጓደለውን የምናገረው እኔ ነኝ። ለሁሉም አንድ ዓይነት እሆናለሁ። ሥራ ላይ የምነግራችሁን ከሥራ ውጭ ካለው ግንኙነታችን ጋር አታያይዙብኝ፤ እኔም አላያይዝባችሁም» ማለት በቂ ነው። ከዚህ በኋላ ከሁሉ በላይ ለሚቀርብዎት ሰው ይህንኑ ለብቻው ይድገሙለት፤ መጀመሪያ የሚፈትንዎት እርሱ ነውና። ለሹመቱ ተወዳድሮ ያልተሳካለት ባልደረባ ካለም እርሱን ችላ ብሎ ማለፍ ያስቆጫል። ለብቻው ጠርተው በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚታመኑበት ይንገሩት፤ ለምሳሌ የአዳዲስ ሠራተኞችን ሥልጠና ወይም የስቶር ቆጠራውን ቢሰጡት ዕውቀቱ ሥራ ላይ ይውላል፣ ቅሬታውም መተንፈሻ ያገኛል።

ጉድለት ሲያዩ በዚያው ቀን፣ ለብቻ፣ ያዩትን ብቻ ይናገሩ። «አንተ ግዴለሽ ነህ» የሚለው ቃል ስለ ሰውየው ጠባይ የሚሰጥ ፍርድ ስለሆነ ጠብ ከመጫር በቀር ምንም አይፈይድም። «ፈረቃው የሚጀምረው 1 ሰዓት ላይ ነው፤ ዛሬ የገባኸው 1 ሰዓት ከ20 ላይ ነው፤ በዚህ ሳምንት ይህ ሁለተኛህ ነው፤ ምን አጋጠመህ?» ካሉት ግን የሚከራከርበት ነገር የለውም። ከጠየቁ በኋላ ዝም ብለው ያዳምጡ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ የመዘግየቱ ሥር አንዳንድ ጊዜ እርስዎ ከሚገምቱት የራቀ ነው፤ ከዘንዘልማ ወይም ከሰባታሚት በኩል የሚመጣ ሰው ጧት ታክሲ አጥቶ፣ እናት የሆነች ሠራተኛ ልጇን የምታስቀምጥበት ቸግሯት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ እውነተኛ ከሆነ የፈረቃ ቅያሪ ይፈልጉ፤ ካልሆነም ከነገ ጀምሮ ምን እንደሚጠበቅ በግልጽ ተስማምተው ይለያዩ። የተስማሙበትን ቀንና ቃል በማስታወሻዎ ላይ ያስፍሩ።

በዕድሜ የሚበልጥዎትን ሰው ሲያርሙ አክብሮቱን አይቀንሱ፣ መልእክቱንም አያድበስብሱ። ከመሾምዎ በፊት አንቱ ይሏቸው የነበሩትን ሰው ከሹመት በኋላ አንተ ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። «ጋሼ፣ ይህንን ሥራ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ትናንት ማሽኑ ሳይቆም ክዳኑን ሲከፍቱ አየሁ፤ ወጣቶቹ የሚያዩት እርስዎን ነው፤ እባክዎ ይህን ከእንግዲህ እንዳያደርጉት» ቢሏቸው አክብሮቱም ተግሣጹም በአንድ ላይ ይደርሳል። በሰው ፊት መገሠጽ ግን ለሽማግሌም ለወጣትም አይገባም፤ የሚፈቀደው የሰው ሕይወት ወይም አካል አደጋ ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ መጮህም ይቻላል።

ምስጋና ላይ የሚሠራው ስሕተት የዚህ ግልባጭ ነው። እኛ ዘንድ «በፊቱ ካመሰገኑት ይኮራል» የሚል ልማድ ስላለ ጥሩ የሠራ ሰው ከአለቃው ምንም ሳይሰማ ወር ያልፋል። የተሠራውን ነገር ጠቅሰው በአጭሩ ያመስግኑ፤ «ጎበዝ» ከማለት «ትናንት ማታ መብራት ሲጠፋ እንግዶቹን በባትሪ እስከ ክፍላቸው ማድረስሽ ጥሩ ነበር» ማለት ይሻላል።

ሰው ማሠልጠን በአራት እርምጃ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ በፋብሪካዎቿ ውስጥ ልምድ የሌላቸው አዳዲስ ሠራተኞች በብዛት ስለገቡባት፣ ከ1940 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. ለቅርብ ኃላፊዎች አጫጭር ሥልጠናዎችን ትሰጥ ነበር። ከእነዚህ አንዱ ሥራን እንዴት ማስተማር እንደሚገባ የሚያሳይ ባለ አራት እርምጃ ዘዴ ነበር። ዘዴው ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጃፓን ተሻግሮ ካይዘን ለምንለው፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ ለማሻሻል ለሚጥረው አሠራር ከመነሻዎቹ አንዱ ሆኗል። እኔ እስካሁን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፤ ስለዚህ በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

ምሳሌው ነጭ አንሶላ በበረኪና ማንጣት ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ሠራተኛዋን ማዘጋጀት ነው፤ ከዚህ በፊት በምን ታጥብ እንደነበር ይጠይቋታል፣ የምታውቀውን ያዳምጣሉ፣ ሥራው ለምን እንደሚያስፈልግ ይነግሯታል፣ እርስዎ የሚያደርጉትን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎንዎ ሆና እንድታይ ያቆሟታል፤ ከፊት ለፊት ከቆመች ግራና ቀኙ ይገለበጥባታል። ሁለተኛው ማሳየት ነው። መጀመሪያ እየሠሩ እያንዳንዱን እርምጃ ይናገራሉ፤ ጓንት ማድረግ፣ ውኃውን መሙላት፣ በረኪናውን በመስፈሪያ ለክቶ መጨመር፣ ከዚያ አንሶላውን መንከር። በሁለተኛው ዙር ጥንቃቄ የሚሻውን ነጥብ ከነምክንያቱ ይጨምራሉ፤ ውኃው የሚቀድመው የበረኪናው ፍንጣሪ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ነው፤ በረኪና ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ የማይቀላቀለው ሲቀላቀል ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ስለሚወጣ ነው። ምክንያቱ ያልተነገረው ክልከላ እርስዎ ዞር እንዳሉ ይረሳል።

ሦስተኛው ማሠራት ነው። መጀመሪያ ዝም ብላ ትሥራ፤ ስትሳሳት ወዲያው ያርሙ። ከዚያ እየሠራች እርምጃዎቹን በራሷ አንደበት ትናገር፤ በሦስተኛው ዙር ምክንያቶቹን ጨምራ ትናገር። «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ በእኛ ልማድ «አልገባኝም» የሚል ሰው ጥቂት ነው፤ በይሉኝታ ሁሉም «ገብቶኛል» ይላል። «እስኪ አንቺ አስረጂኝ» ይበሉ። አራተኛው መከታተል ነው፤ ብቻዋን ያሠሯታል፣ ችግር ቢገጥማት የምትጠይቀውን ሰው በስም ይነግሯታል፣ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ጊዜ፣ በሳምንቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ እየሄዱ ያያሉ። የዚህ ዘዴ አሠልጣኞች ሠራተኛው ካልተማረ አሠልጣኙ አላስተማረም ይሉ ነበር፤ ለአዲስ ኃላፊ የሚጎመዝዝ፣ ግን ትክክለኛ ቃል ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ የሕግ ነጥብ አለ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት የሚደረግ ሲሆን ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራበት ቤት ይህ አሥር ሳምንት ብቻ ነው። ሠራተኛው ከዚያ በኋላ ሥራውን ከቀጠለ የታሰበው የሥራ ውል ከሙከራው የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እንደተደረገ ይቆጠራል። ስለዚህ በ20ኛውና በ40ኛው ቀን ገደማ ከአዲሱ ሠራተኛ ጋር ቁጭ ብለው የት እንደደረሰ ይንገሩት፣ ውጤቱንም ለአስተዳደር በጽሑፍ ያሳውቁ። በ59ኛው ቀን «አይሆነንም» ብሎ መምጣት ለሠራተኛውም ለድርጅቱም በደል ነው።

ለራስዎም አንድ ሠንጠረዥ ይሥሩ። በግራ በኩል የሠራተኞቹን ስም፣ ከላይ ሥራዎቹን ይጻፉ፤ ማን የትኛውን ብቻውን መሥራት እንደሚችል ምልክት ያድርጉ። አንድ ሰው ብቻ የሚችለው ሥራ ካገኙ በሚቀጥለው ሳምንት የሚያሠለጥኑት እርሱን ነው። በእኔ ክፍል ይህን ሠንጠረዥ መጀመሪያ ስሠራው ከስምንት ሥራዎች ሦስቱን የምችለው እኔ ብቻ ሆኜ ተገኘሁ።

ፈረቃውን መክፈትና ማስረከብ

ባሕር ዳር ፈረቃን የለመደችው ዛሬ አይደለም፤ በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከተቋቋመና የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ መብራት መስጠት ከጀመረ ወዲህ በርካታ ቤተሰቦች ኑሯቸውን በፈረቃ ሲለኩ ኖረዋል። የጥንቶቹ የፈረቃ ኃላፊዎች አጥብቀው ይይዙት የነበረው ነገር ርክክብ ነው፤ ዛሬ ግን በብዙ ቦታ «ደህና ዋልክ፣ ደህና እደር» ተባብሎ መለያየት ሆኗል። ገቢው ኃላፊ ከ15 ደቂቃ በፊት ይድረስ፤ ከወጪው ጋር አብሮ ይዙር፤ ያልተጠናቀቀ ሥራ፣ የተበላሸ ዕቃ፣ የቀረ ሠራተኛና የእንግዳ ቅሬታ በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ሁለቱም ይፈርሙ። ከዚያ ሠራተኞቹን ቆመው ለአምስት ደቂቃ ይሰብስቡ፤ የዛሬው ሥራ ምን ያህል ነው፣ ማን የት ነው፣ ምን መጠንቀቅ አለብን። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ስብሰባ ይሆናል፤ ስብሰባ ደግሞ ሰው አይወድም።

ሥራ ሲያከፋፍሉ ማን፣ ምን፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ በምን ጥራት የሚሉት አራቱ ነገሮች መነገራቸውን ያረጋግጡ። «እስኪ ያንን ነገር አንዳችሁ እዩት» የሚለው ትእዛዝ ማንንም አላዘዘም። ከባዱንና አስቸጋሪውን ሥራ ሁልጊዜ ለማይናገረው ሠራተኛ መስጠትም የተለመደ ጥፋት ስለሆነ የምድብ ዝርዝሩ በየሳምንቱ ይዙር፣ ግድግዳ ላይም ይለጠፍ።

በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ አምስቱ ማዎች፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ በየድርጅቱ ተሰብከዋል። የካይዘን ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ የለበሰበት ቤት ግን ብዙ አይቻለሁ፤ የሚጎድለው ሁልጊዜ አምስተኛው ነው። ማዝለቅ የኃላፊው ድርሻ ነው፤ በየፈረቃው መጨረሻ አሥር ደቂቃ ለጽዳትና ዕቃን ወደ ቦታው ለመመለስ ካልተከለለ፣ ያም በሥራ ሰዓት ውስጥ ካልታሰበ፣ ሰሌዳው ብቻውን ምንም አያዘልቅም።

ሰዓት፣ ፈቃድና የዓመቱ ዙር

መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት የሚታዘዘው አሠሪው ሌላ አማራጭ ሲያጣ፣ እንደ አደጋ፣ አስቸኳይ ሥራ፣ ወይም ሳይቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረን ሰው መተካት ላሉ ምክንያቶች ሲሆን፣ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ተባዝቶ ይታሰባል። ስሌቱን ራስዎ መሥራት ይቻሉ። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሠራል፤ ደሞዙ 6,240 ብር ከሆነ የሰዓቱ 30 ብር ነው። ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሁለት ትርፍ ሰዓት ቢሠራ 90 ብር፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ሰዓት ደግሞ 52 ብር ከ50 ይደርሰዋል። በወሩ መጨረሻ ሠራተኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው እርስዎን ነው፤ «ፋይናንስን ጠይቅ» የሚል ኃላፊ ተሰሚነቱ ይቀንሳል።

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ሲሆን በየሁለቱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨመራል። የፈቃድ ፕሮግራሙን ሲያወጡ የሐይቁን ዳር ዓመት ያስቡ። ጥር 11 የጥምቀት ሰሞን ሆቴሉ ይሞላል፤ ሁሉም ደግሞ በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር ማክበር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ባለፈው ጥምቀት የሠራ በዘንድሮው ቅድሚያ ያግኝ፣ ዝርዝሩም በኅዳር ይውጣ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ ይበረታል፤ በዚህ ጊዜ ከፈረቃው ሁለት ሰው ሊጎድል እንደሚችል አስቀድመው ካላሰቡ የቀሩት ላይ ጫናው ይወድቃል። በሐኪም ማስረጃ ለተረጋገጠ ሕመም የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደሞዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደሞዝ የሕመም ፈቃድ አለ። በዐቢይ ጾም ብዙው ሠራተኛ እስከ ቀትር ወይም ከዚያም በኋላ ሳይበላ ይሠራል፤ ከመጋቢት ጀምሮ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ከባዱን ጭነትና ማንሣት ወደ ጧቱ ማምጣት ጥበብ ነው። በረመዳንም እንዲሁ፤ ለአርብ ሶላት የሚወጡትን ማን እንደሚተካቸውም በምድቡ ላይ ይጻፉ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም ሆነ ትርፍ ሰዓት ማዘዝ የተከለከለ ነው፤ «ራሷ ፈልጋ ነው» የሚለው ምክንያት እርስዎን አያድንም።

ምክር ካልሠራ

በቃል የተነገረው ካልተስተካከለ ወደ ጽሑፍ ይሄዳሉ። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው ያለ በቂ ምክንያት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ወይም በድምሩ አምስት የሥራ ቀን የቀረ ሠራተኛ የመሰናበቻ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይጠበቅለት ሊሰናበት እንደሚችል ሕጉ ይፈቅዳል። ልብ ይበሉ፤ ያለ ጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ አሠሪውም ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ የማሰናበት መብቱ ቀሪ ይሆናል። የማሰናበት ውሳኔ የእርስዎ አይደለም፤ የእርስዎ ድርሻ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውንና የሠራተኛውን መልስ በትክክል መዝግቦ ማቅረብ ነው። ተናደው የጻፉትን ሪፖርት በዚያው ቀን አያስገቡ፤ አድረው ያንብቡትና ያላዩትን፣ የሰሙትን ብቻ የጻፉበትን መስመር ይሰርዙ።

አንድ የተለመደ ሕገ ወጥ አሠራርም አለ። ብርጭቆ ሲሰበር ወይም ፎጣ ሲጠፋ ኃላፊው በራሱ ውሳኔ «ከደሞዝህ ይቆረጣል» ይላል። ከደሞዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ሲሆን፣ ያም ቢሆን ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ጾታዊ ትንኮሳንም በቀልድ አይለፉ፤ በሕግ የተከለከለ ነው። ሠራተኛዋ በእንግዳም ሆነ በባልደረባ እንደተነካች ስትነግርዎት ሽምግልና አይጀምሩ፤ ቃሏን ተቀብለው በዚያው ቀን ለሚመለከተው አካል ያቅርቡ፣ ከዚያ ሰው ጋርም በአንድ ፈረቃ አያሰልፏት።

ደኅንነት

የሥራ ቦታውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ የአሠሪው ነው፤ አሠሪው ግን በየደቂቃው እዚያ የለም፤ ያሉት እርስዎ ነዎት። ወጥ ቤት ውስጥ ዘይት ሲያያዝ ውኃ አይደፋበትም፤ ጋዙ ይዘጋል፣ መጥበሻው በክዳን ይከደናል። የስፌትም ሆነ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሳይጠፋና ከኤሌክትሪክ ሳይነቀል አይጸዳም፤ መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ሳያጠፉ ማሽን ውስጥ እጅ መክተት በተለይ አደገኛ ነው፤ ጄኔሬተሩ በድንገት ሲነሣ ማሽኑም አብሮ ይነሣልና። ጀልባ ላይ ተሳፋሪው የሕይወት አድን ሰደርያውን ሳይለብስ ሞተር አይነሣ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ሐይቁ እንዴት እንደሚናወጥ የሚያውቅ ኃላፊ እንግዳው ቢቆጣም ጉዞውን ያዘገያል።

አደጋ ከደረሰ ቅድሚያ ለተጎዳው ሰው ነው። ከዚያ ቦታውን ሳይነካካ ፎቶ ያንሡ፣ ያዩትን ሰዎች ቃል ይመዝግቡ፣ በዚያው ቀን ለአስተዳደር በጽሑፍ ያሳውቁ፤ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳትን መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅ የአሠሪው ግዴታ ነው። ጉዳት ሳያደርስ ያለፈውንም ይጻፉ። «እግዜር አተረፈን» ብለን የምናልፈው ነገር ሁሉ ነገ የሚደርስ አደጋ ነው።

ወደ ላይ መናገርና መተካት

የሠራተኛውን ቅሬታ ወደ ላይ ሲያደርሱ «ሠራተኛው ተማርሯል» አይበሉ። «በዚህ ሳምንት ከሦስቱ ማሽኖች አንዱ አራት ቀን ቆሟል፤ በዚህ ምክንያት ዘጠኝ ትርፍ ሰዓት ሠርተናል፤ ጥገናው እስከ ዓርብ ቢያልቅ ትርፍ ሰዓቱ ይቀራል» ይበሉ። አለቃዎ የወሰኑትን እርስዎ ባይስማሙበትም ከእርሳቸው ጋር በዝግ ይከራከሩ፤ ወደ ፈረቃው ሲመለሱ ግን «እኔ አልፈለግሁም፣ እነርሱ ናቸው» ብለው ራስዎን አያድኑ። ውሳኔውንና ምክንያቱን ይንገሩ፤ መልስ የሌለዎትን ጥያቄ «እስከ ረቡዕ ጠይቄ እመልሳለሁ» ብለው በረቡዕ ይመልሱ፣ መልሱ «አይሆንም» ቢሆንም እንኳ።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ የራስዎን ፈቃድ ለጥቂት ቀናት ይጠይቁ። ከሁለት ሳምንት በፊት በሠንጠረዡ ላይ ብዙ ምልክት ያለውን ሰው ይምረጡና ለሥራ አስኪያጁ ያሳውቁ፤ ከዚያ ሁሉም ባሉበት «እኔ በማልኖርበት ጊዜ ፈረቃውን የምትመራው እርሷ ናት» ይበሉ። የርክክብ መዝገቡን፣ የስልክ ቁጥሮቹንና ያችን የሥልጣን ወሰን የሰፈረባትን አንድ ገጽ ያስረክቧት፤ እርስዎ እዚያው እያሉም ሁለት ቀን በፊትዎ ትምራ። ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያነቡት እርሷ የጻፈችውን መዝገብ ይሁን፤ ሳትጠይቅዎት የወሰነቻቸውን ነገሮች አስምረውባቸው አብራችሁ እዩዋቸው።